ባልቲሞር ያለውን ባዶ ቤት እንዴት ልገላገለው?

ጠያቂው፦ ሰላም ጎበዝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከ6 ዓመት በፊት «አድሰህ ታከራየዋለህ» ተብዬ እዚሁ ግዛት፣ ምዕራብ ባልቲሞር አንድ ሮውሃውስ (ከጎረቤት ቤቶች ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ቤት) በካሽ ገዛሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ኮንትራክተሩ ቅድመ ክፍያውን ይዞ ጠፋ። የመዳብ ቧንቧውን ሌቦች ነቅለው ወሰዱት። ጣሪያው ከኋላ በኩል ተቀዷል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ሰማይ አያለሁ። ከተማው የባዶ ቤት ማስጠንቀቂያ ለጥፎ የ900 ዶላር ቅጣት ልኮልኛል። የመንገዱ ጥግ ላይ ቀን ከሌት ዕፅ ይሸጣል። ደላላ ይዤ ብሄድ ከመኪና አልወርድም አለኝ። ገንዘቤን ትቼዋለሁ፣ ስሜ ከቤቱ ላይ ይነሳልኝ ብቻ። ግብሩን መክፈል ባቆም በታክስ ሴል (ላልተከፈለ ግብር በሚደረገው ጨረታ) አይወስዱልኝም?

ታክሲ ነጂው፦ ወንድሜ፣ እሱን እንዳታስበው። እኔ አስቤው ተቃጥያለሁ። በየዓመቱ ሜይ ወር ላይ የሚሸጠው ቤቱ ሳይሆን ዕዳው ነው። ዕዳውን የገዛው ሰው ቤቱን በስሙ ለማድረግ ፍርድ ቤት መክሰስ፣ ከዚያም ዲዱን (የባለቤትነት ሰነዱን) ማስመዝገብ አለበት። ፍርስራሽ መሆኑን ሲያይ ትቶት ይሄዳል። እስከዚያ ባለቤቱ አንተው ነህ። ቅጣቱ ወዳንተ ነው፤ ከተማው ካፈረሰውም የማፍረሻው ሂሳብ ወዳንተ ነው። ዕዳው ከቤቱ ዋጋ ሲበልጥ ከተማው ራሱ ከስሶ የሚወስድበት ሕግም አለ። ግን ምርጫው የእነሱ እንጂ ያንተ አይደለም።

የሸገር ልጅ፦ ምን ያጨናንቅሃል? ለአንዱ በ1 ዶላር ፈርምለትና ተገላገል።

ሰናይት፦ የሸገር ልጅ፣ ሜሪላንድ ውስጥ እንደዚያ አይሆንም። የንብረት ግብሩ ሳይከፈል ዲዱ አይመዘገብም። ባልቲሞር ላይ ደግሞ የውኃውም ቢል አለ። ጠያቂው፣ መጀመሪያ ከከተማው የሊየን ሰርተፊኬት አውጣ። ቤቱ ላይ ያለው ዕዳ እዚያ ላይ ይወጣል። ግራውንድ ሬንት እንዳለበትም አጣራ። እዚያ ብዙ ቤት የቆመው በሌላ ሰው መሬት ላይ ነው፤ በዓመት ትንሽ ኪራይ ይከፈልበታል። ብሩ ትንሽ ቢሆንም ሽያጭ ሊያጓትት ይችላል። የእህቴን ክሎዚንግ (የሽያጩን ማጠናቀቂያ) 2 ወር ያቆየው እሱ ነው።

ጋሽ አናጢ፦ ልጄ፣ ዛሬ የሚሠራውን ዛሬ ሥራ። በሩንና መስኮቱን በፕላይውድ አሽግ፣ ጣሪያው ላይ ሸራ ጣል። የተያያዘ ቤት ነው፤ ያንተ ዝናብ የጎረቤት ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ሰው ገብቶ እሳት ቢያነድስ? በ2022 ጃንዋሪ እዚያው ባልቲሞር፣ ስትሪከር ጎዳና ላይ ባዶ ሮውሃውስ ተቃጥሎ ሲደረመስ 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። ኢንሹራንስህንም ጠይቅ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ሰው የማይኖርበትን ቤት ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

ታክሲ ነጂው፦ ጋሼ ጎረቤት ሲሉ ትዝ አለኝ። የኔን መጨረሻ ላይ የገዛኝ ጎረቤቴ ነው። ግድግዳው በኔ ምክንያት ሻግቶበት በጣም ተናዶ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ስናወራ «ለምን አትሸጥልኝም?» አለኝ። 4,000 ዶላር። ዕዳውን ከፍዬ እጄ ላይ የቀረው ለአንድ ራት ቢሆን ነው፣ ግን ስሜ ወጣ። አንተም በግራና በቀኝ ያሉትን አንኳኳ።

ሰናይት፦ ጎረቤት እምቢ ካለ ጨረታ አለ። ባዶ ቤት እንዳለ፣ በካሽ የሚሸጡ አጫራቾች አሉ። ኮሚሽናቸውንና አነስተኛ ክፍያቸውን ቀድመህ ጠይቅ። ስልክ ደውለው «ቤትህን እንገዛለን» የሚሉህ ግን ብዙዎቹ ገዢ አይደሉም። ውሉን ለሌላ አሻግረው ትርፍ የሚይዙ ናቸው። ገዢ ካጡ ወር አስቆጥረው ይጠፋሉ።

ደግሞ ከተማው ሬሲቨርሺፕ ብሎ ቢከስህ አትደንግጥ። ፍርድ ቤቱ አንድ አካል ይሾማል፤ እሱ ቤቱን ማደስ ለሚችል ሰው በጨረታ ይሸጠዋል። ታይትሉ (የባለቤትነት መብቱ) በትክክል ከስምህ ይወጣል። ማስጠንቀቂያው ላይ ያለውን ኢንስፔክተር ደውለህ «አልከራከርም» በለው። ፍርድ ቤት ስትጠራ ግን አትቅር።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ኢንስፔክተሩን ሸሽቼው ነበር፣ ሰኞ እደውላለሁ። ቅዳሜ ፕላይውድ ይዤ እሄዳለሁ፣ ጎረቤቱንም አንኳኳለሁ። በግራ በኩል አንዲት ትልቅ ሴትዮ አሉ። ባዶ እጄን ልሂድ ወይስ ዳቦ ነገር ልያዝ?

ጋሽ አናጢ፦ መጀመሪያ ሸራውን ጣል። ከዚያ ዳቦውን ይዘህ አንኳኳ።