ከበረዶው በኋላ ሞተሬ በቾክ ብቻ ነው የምትሠራው፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ዴንቨር ነው። ያማሃ ቪ ስታር 650 የምትባል ሞተርሳይክል አለችኝ። ሦስት ዓመት ነዳኋት፣ አንድ ቀን አላማረርኩባትም። መቀመጫዋ ዝቅ ያለ ነው። እንደ እኔ ያለ አጭር ሰው ሁለት እግሩን ሙሉ በሙሉ መሬት ያስረግጣል። በሻፍት (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ በሚያደርስ ዘንግ) ስለምትሄድ ሰንሰለት መቀባት፣ ማጥበቅ የሚባል ነገር የለም። ድምጿ ደግሞ... እሱን ተዉት፣ ልቤን ነው የሚያሞቀው።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ኅዳር ላይ አቆምኳት። ቤንዚኑን አላወጣሁም፣ እንዳይበላሽ የሚጨመረውንም ፈሳሽ አልጨመርኩም። እዚህ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ገደማ ኤታኖል አለው፤ ብዙ ሲቀመጥ ይበላሻል።

ሚያዝያ ላይ ባትሪውን ቻርጅ አድርጌ አስነሳኋት። ቾኩ፣ ማለትም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ቤንዚኑን የሚያበዛው መሳቢያ፣ ተስቦ እያለ ትሠራለች። ስመልሰው ወዲያው ቀጥ ትላለች። ነዳጅ ስሰጣት ትንገጫገጫለች። ቤንዚኑንም ካንዴላዎቹንም ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉት ሁለቱ ካርቡሬተሮቿ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎች የተደፈኑ ይመስለኛል።

የጠየቅኩት መካኒክ «አሮጌ ናት፣ ሽጣትና ተገላገል» አለኝ። አልሸጣትም።

ይህ የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ። መጀመሪያ ማጽጃ ፈሳሽ ቤንዚኑ ውስጥ ጨምሬ ልሞክር? ወይስ በቀጥታ አውርጄ ልጠባቸው? ካወረድኳቸውስ፣ ሁለቱን እኩል የሚያስተካክለው የቫኪዩም መለኪያ ሳይኖረኝ መልሼ መግጠም እችላለሁ? ካርቡሬተር ፈትቼ አላውቅም። እጄ ላይ ያለው ተራ የመፍቻ ሳጥን ነው።