ወስት-ፍራንስ የተወለደው በ1944 ነው ወይስ በ1899?

ቀለም ቀንድ
ትናንት እዚህ ስለ ፈረንሳዩ ዕለታዊ ጋዜጣ «ወስት-ፍራንስ በ1944 ከባዶ የተወለደ፣ እጁ ንጹሕ ጋዜጣ ነው» ተብሎ ተለጠፈና ሁሉም ልብ እየሰጠ አለፈ። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ጋዜጣው የሚታተምባት የምዕራብ ፈረንሳይዋ ሬን ከተማ ከጀርመኖች ነፃ የወጣችው ኦገስት 4 ቀን 1944 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር)። የጋዜጣው ቁጥር አንድ የወጣው ኦገስት 7 ነው። በ3 ቀን ውስጥ ከባዶ ዕለታዊ ጋዜጣ የሚያቆም ማን ነው? ማተሚያው፣ ሠራተኛው፣ የማከፋፈያ መስመሩ፣ የሩ ዱ ፕሬ-ቦቴው ሕንፃ ሁሉ በወረራው 4 ዓመት ሙሉ በጀርመን ሳንሱር ሥር ሲታተም የኖረው፣ በ1899 የተመሠረተው የአሮጌው ጋዜጣ የወስት-ኤክሌር ነበር። ስም ተቀየረ፣ አለቀ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

እታገኝ
ተረቱን ገልብጠኸዋል ወንድሜ። ራስህ የዘረዘርከው እኮ ጉልቻው እንዳልተነካ ነው የሚያሳየው። ማሽኑም ሕንፃውም ባሉበት ቆዩ። የተለወጠው ወጥ ሠሪው ነው። ፖል ዩታን ለጀርመኖች አልሠራም ብሎ ጋዜጣውን ትቶ የወጣ፣ ከአርበኞቹ ጋር የቆመ ሰው ነው። አዲሱን ጋዜጣ ያቆሙት እሱና ጓዶቹ ናቸው።

ቀለም ቀንድ
ወጥ ሠሪው ከየት መጣ? ከዚያው ቤት። ዩታን የወስት-ኤክሌር ዋና ጸሐፊ ነበር። የመሥራቹ የኤማኑኤል ዴግሬ ዱ ሉ አማችም ነው። ኋላ «ዩታን-ዴግሬ» ተብሎ የተጠራው ለዚህ ነው። አማች ቤቱን ሲረከብ ውርስ እንጂ ልደት አይባልም። ከባዶ የተነሣ ጋዜጣ ማየት የፈለገ ወደ ሰሜን ፈረንሳይዋ ሊል ከተማ ይሂድና ላ ቯ ዱ ኖር የተባለውን ጋዜጣ ይይ። በ1941 በድብቅ ተጀመረ። ከመሥራቾቹ ናታሊስ ዱሜዝና ዡል ኑቱር ሁለቱም ተይዘው ለግዞት ተላኩ፣ ኑቱር አልተመለሰም። ስሙም ሰዎቹም ከትግሉ የወጡ ናቸው።

እታገኝ
ላ ቯ ዱ ኖርስ በማን ማሽን ታተመ? በወረራው ጊዜ ሲወጣ በነበረው ጋዜጣ በግራን ኤኮ ዱ ኖር ማሽንና ቤት ነው። የወረሱት ብረት እዚያ ካላረከሳቸው ሬን ላይ ለምን ያረክሳል?

ደጀን
ልጆች፣ «ከባዶ» የምትለዋን ቃል ለጊዜው ተዉአትና ሕጉን እንይ። የሴፕቴምበር 30 ቀን 1944 የፈረንሳይ ድንጋጌ ቀን ቆጥሮ ነው የሚፈርደው። ጀርመኖች አስቀድመው በያዙት በሰሜኑ ቀጠና፣ ተኩስ አቁሙ ከጸናበት ከጁን 25 ቀን 1940 በኋላ 15 ቀን አልፎ መታተሙን የቀጠለ ጋዜጣ ይዘጋል፣ ስሙንም መልሶ መጠቀም አይችልም። በደቡቡ ቆጠራው የሚጀምረው ጀርመኖች ከገቡበት ከኖቬምበር 11 ቀን 1942 ነው፣ እዚያም 15 ቀን። ለ ፊጋሮ በጊዜው ስለቆመ ስሙን ይዞ ተመለሰ። ለ ታን ጥቂት ቀን ስላሳለፈ ብቻ ተዘጋ፤ ቤቱና ማተሚያው በዲሴምበር 1944 ለ ሞንድን አወጡ። ወስት-ኤክሌር መቆም የነበረበት በጁላይ 10 ቀን 1940 ነው፣ እሱ ግን እስከ 1944 ክረምት ዘለቀ። ስለዚህ ስሙ መሞቱ የማንም ምርጫ አልነበረም። ንብረቱንም በተመለከተ፣ የሜይ 11 ቀን 1946 ሕግ የታገዱትን ጋዜጦች ሀብት ወደ መንግሥት ድርጅት አዙሮ ለአዲሶቹ እንዲደርስ ያደረገ ነው። በየከተማው የሆነው ይኸው ነው። ብሬስት ላይ ላ ዴፔሽ ደ ብሬስት ተዘግቶ ለ ቴሌግራም በሴፕቴምበር 1944 ወጣ።

ቀለም ቀንድ
ጋሽ ደጀን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ድንጋጌው የወጣው ወስት-ፍራንስ ከታተመ 2 ወር ሊሞላ ሲል ነው። ኦገስት 7 ላይ በምን ሕግ ነው ስሙ የሞተው?

ደጀን
የፈረንሳይ ጊዜያዊ መንግሥት አልጀርስ ሳለ በጁን 1944 ነፃ ለሚወጡ አካባቢዎች የፕሬስ ደንብ አውጥቶ ነበር። አቅጣጫው ያኔም ይኸው ነው። ዩታን የአሮጌውን ስም ይዞ ልውጣ ቢል አይፈቀድለትም ነበር።

ቀለም ቀንድ
እንግዲያው ስሙ የተቀየረው በግድ ነው። እኔስ ምን አልኩ?

ብራና
ለሁላችሁም፦ ከመከራከር በፊት ዋናውን ማየት ይቻላል። ወስት-ኤክሌር ከ1899 እስከ 1944 በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ክምችት በጋሊካ ላይ በነፃ ይነበባል። የሬን፣ የናንት፣ የካን እትሞች ለየብቻ ስለተቀመጡ ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው የካንን እትም ከፍቶ የሬን ሰው ያነበበው ይህ ነው ብሎ ይጠቅሳል። ቃል ፍለጋውም አያስተማምንም፤ ወረቀቱ የደበዘዘበትን ዓምድ ማሽኑ አሳስቶ ያነበዋል። ቀኑን ይዛችሁ ገጽ በገጽ ግለጡ። የ1942ን ሳምንት ብትወስዱ ፊት ገጹን የጀርመን ጦር መግለጫ ይዞታል፤ ከኋላ ልደት፣ ሞት፣ የራሽን ማስታወቂያ። ሕዝቡ መግዛቱን ያልተወው ለኋለኛው ገጽ ነው።

ውርሱን ከፈለጋችሁ ደግሞ በዚያው በኋለኛው ገጽ ፈልጉት። ወስት-ኤክሌር ከጦርነቱ በፊት የየአካባቢውን እትም ለይቶ ያወጣ ነበር። የጋራ ገጾቹ ይቀመጣሉ፣ በማተሚያው ሲሊንደር ላይ የሚቀየረው የአካባቢው ገጽ ሰሌዳ ብቻ ነው። ወስት-ፍራንስ ይህንን አሠራር ይዞ ነው በ12 አውራጃ ወደ 50 የሚጠጋ እትም ያደረሰው። በ1975 የፓሪሱን ጋዜጣ ፍራንስ-ሷርን አልፎ በሽያጭ የፈረንሳይ አንደኛ ያደረገው ይህ እንጂ የፖለቲካ ዓምዱ አይደለም።

እታገኝ
የፖለቲካ ዓምዱን አታቃሉት! ይህ ጋዜጣ ስለ ወንጀል ዜና ለራሱ ያወጣው መመሪያ ሳይጎዱ መናገር፣ ሳያስደነግጡ ማሳየት፣ ሳያጠቁ መመስከር፣ ሳይኮንኑ ማጋለጥ ይላል። ጋዜጣውን ይመራ የነበረው ፍራንሷ-ሬዥስ ዩታን የሞት ቅጣትን ሲቃወም ኖሯል። በ1990 ደግሞ ባለቤትነቱን ለማኅበር አስረከቡት። ማኅበር አክሲዮን ስለሌለው ቱጃር መጥቶ ሊገዛው አይችልም፣ ትርፍም አይከፋፈልም። የትኛው የፓሪስ ጋዜጣ ነው እንዲህ የተጠበቀው?

ቀለም ቀንድ
ተጠብቆስ ምን አደረገ? በ2005 የአካባቢውን ሦስት ጋዜጦች፣ ፕሬስ-ኦሴያንን፣ ለ ኩርየ ደ ሉወስትን፣ ለ ሜን ሊብርን ጠቅልሎ ገዛ። ናንት ላይ የሚፎካከሩት ሁለት ዕለታዊ ጋዜጦች ባለቤታቸው አንድ ሆነ። ማኅበሩን ሊገዛው የሚችል የለም ካልሽ፣ ሊጠይቀው የሚችልስ ማን ነው? የፍራንሷ-ሬዥስ አባት ማን እንደሆነም አትርሺ፤ ያው ፖል ዩታን ነው። ቤቱ አልተለወጠም።

እታገኝ
ሦስቱም ከተገዙ በኋላ በየስማቸው መውጣታቸውን ቀጠሉ። ከቀድሞው ባለቤት እጅ ሌላ ሰው ቢገዛቸው ኖሮ መኖራቸውን ትምልልኝ ነበር?

ደጀን
ይህ ሌላ ክርክር ነው፣ ለብቻው ክፈቱት። ስለ ቤቱ ከተነሣ ግን አንድ የተዘለለ ሰው አለ። ወስት-ኤክሌር ኦገስት 2 ቀን 1899 ሲወጣ፣ በክህደት የተከሰሰው የጦር መኮንን የድሬይፉስ ችሎት እዚያው ሬን ሊከፈት 5 ቀን ሲቀረው፣ ከዴግሬ ዱ ሉ ጋር የመሠረተው ቄሱ ፌሊክስ ትሮሹ ነው። በ1930 ከጋዜጣው ተገፍቶ ወጣ። ከ1899 ጀምሮ አንድ ቤት ነው ካላችሁ ትሮሹን የት ታስቀምጡታላችሁ?

ቀለም ቀንድ
መሥራች ተገፍቶ ቢወጣ ጋዜጣው አዲስ አይሆንም። በ1930 አዲስ ተወለደ ያለ የለም፤ በ1944ም ልክ እንደዚያው ነው።

እታገኝ
በ1930 ስም አልሞተም፣ ሕግ አልወጣም፣ ከተማው ከወራሪ እጅ አልወጣም። ሁለቱን እንዴት እኩል ታደርጋለህ?

ብራና
የኦገስት 7ቱን ቁጥር አይታችሁታል? ፊትና ጀርባ አንዲት ቅጠል ናት። ወረቀት አልነበረም።

ቀለም ቀንድ
ቅጠሏ የታተመችው በማን ማሽን ላይ ነው?

እታገኝ
ለዚህ ከላይ መልሻለሁ። የሊልን ጥያቄ ሳትመልስልኝ እንደገና አትጠይቀኝ።