ሱሉልታ ያለችው ላንድሮቨር፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

ፀሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ጋሼ ግቢ የቆመችውን ባለ 109 ኢንች (ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል) ላንድሮቨር በማኅበር እናድሳት የሚለውን ሐሳብ መጻፍ ጀምሬ ነበር። «መኪናዋን ወደ ቀድሞ ይዞታዋ መመለስ» አልኩና እዚያው ቀረሁ። ከምን ይጀመር? ሞተሯ ይታደስ ወይስ ይቀየር? ያላችሁን ጣል ጣል አድርጉ።

የሰሚቱ አባል፦ በሞተር እንጀምር። የቶዮታ ናፍጣ ይግባላት። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ አይጠፋም፣ የሚያውቀው መካኒክም በየሰፈሩ አለ። ያ ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን ሞተር እንጦጦን ሲወጣ እኮ ያሳዝናል።

ባለ ግቢው፦ ልጄ፣ ማቃሰቱን አልክድም። ግን እስቲ ፍረድ። እኛ ያለነው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተሩ ደግሞ ለቆላ አገር እንደተስተካከለ ነዳጁን ይለቀዋል። ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ በጭስ ትሆናለች። ነዳጅ የሚያሳልፈው ቀዳዳ በጠባብ ቢቀየርና እሳቱ ቢስተካከል የጠፋው ጉልበት በሙሉ ባይመለስም መኪናዋ ትቀልላለች። ሞተር ከቀየርን ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አይገጥምም። የቢሮ ምልልሱ ለማን ሊተርፍ ነው?

የቃሊቲው መካኒክ፦ ስለ ሞተር የምትከራከሩት ሻንሲውን፣ ማለት መኪናዋን ከሥር የተሸከመውን ብረት፣ ሳታዩ ነው። ላንድሮቨር አትዝግም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በ1948 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲጀምሯት እንግሊዝ ከጦርነቱ ወጥታ ብረት ተቸግራ ስለነበር ቦዲዋን በአሉሚኒየም ሠሩት። ሻንሲው ግን ብረት ነው፣ ያውም ውስጡ ክፍት ስለሆነ ጭቃና ውሃ ይዞ ከውስጥ ነው የሚበላው። ከላይ ሲያዩዋት ሙሽራ፣ ከሥር ወንፊት የሆነች ስንት አይቻለሁ! የኋላው መስቀለኛ ብረት፣ ባሌስትራው የሚታሰርባቸው ቦታዎች፣ ቦዲውን ደግፈው ወደ ጎን የወጡት ክንዶች፣ ሁሉም በመዶሻ ይመቱ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። የበሰበሰ ድምፁ የታፈነ ነው። አሉሚኒየሙ ብረት የነካበት ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ አሉሚኒየሙ ራሱ እየተበላ ነው። እሱን በተራ ብየዳ እንዳትነኩት፣ በአርጎን ጋዝ የሚበይድ ሰው ይፈለጋል።

ቀጥሎ ፍሬን። ለዓመታት ቆማለችና በየጎማው ያሉት ፖምፓዎች ነክሰው እንደሚሆን አልጠራጠርም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱም ውስጡን ያዝገዋል። አራቱም ጎማ ባለ ታምቡር ነው። ስትከፍቱት አቧራውን በኮምፕረሰር እንዳትነፉት! የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ ሳንባ ይጎዳል። በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት። የነዳጅ ታንኩንም ባዶ ነው ብላችሁ እንዳትበይዱት። የቀረው ትነት ይፈነዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ የምፈራው ቀለም ነው። በኛ አገር መኪና መጀመሪያ ይቀባል፣ ከዚያ ይታሰባል። ሻንሲውና ፍሬኑ ሳይረጋገጥ ለቀለም አንድ ብር አልፈርምም። ሌላም አለ፣ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሊብሬው በእርስዎ ስም ነው። ማኅበሩ አውጥቶ ካደሳት በኋላ የማን ናት?

ባለ ግቢው፦ ምን ይቅርታ አለው፣ መጠየቅ ያለበት ነው። እኔ ብሞት ልጆቼ ምን ብለው ያምኗችኋል? በውል ይሁን። ወይ ስሙ ይዛወር፣ ወይ ያወጣችሁት ወጪ ዕዳ ሆኖ ይጻፍ። ለኔ ሁለቱም ያው ነው።

የለገጣፎው ወጣት፦ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ የለ? ለምን በኤሌክትሪክ አናደርጋትም?

የቃሊቲው መካኒክ፦ ወንድሜ፣ የባትሪውን ክብደት የሚሸከመውም ያው ሻንሲ ነው። መጀመሪያ እሱ ይገኝ።

የለገጣፎው ወጣት፦ ይሁን። ግን የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች መጥተው ይሥሩ የሚለው ይግባልኝ። ካርቡራተር በእጃቸው ፈትተው የማያውቁ ብዙ ናቸው።

ፀሐፊ፦ እሺ፣ «ወደ ቀድሞ ይዞታዋ» የሚለውን አውጥቼ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ማኅበሩ ለአሁኑ የሚያጸድቀው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ወጪ ብቻ ነው። ይኸውም ቦዲውን አንሥቶ ሻንሲውንና ፍሬኑን መመርመር ነው። የምርመራው ውጤት በፎቶ ተደግፎ ለአባላት ይቀርባል። ሻንሲው የማይጠገን ከሆነ ሥራው እዚያው ይቆማል። የባለቤትነት ውል ሳይፈረም አንድም ብሎን አይፈታም። ሞተሩን በተመለከተ የሚወሰነው ከምርመራው በኋላ ነው። ተማሪዎች ከመካኒኩ ጋር ይሠራሉ።»

የሰሚቱ አባል፦ ሞተሩ ለጊዜው ይደር ማለት ነው። ተስማምቻለሁ፣ ግን ናፍጣውን አልተውኩም።

ገንዘብ ያዥ፦ «አንድም ብሎን» የሚለውን ወድጄዋለሁ። ቦዲ የሚያነሡ ሰዎች ምሳም ይጨመርበት፣ ኋላ ከኪሴ እንዳይሆን።

ባለ ግቢው፦ ምሳው በኔ። ውሉን ይዛችሁ ኑ።