አባት ላቲን፣ እናት ግዕዝ፦ ልጃችን ልደታ ካቴድራል ብትጠመቅ የየትኛው ሥርዓት ትሆናለች?

ማርታ ዘፒያሳ
ሰላም ለሁላችሁ። ሴት ልጃችን 80 ቀኗ እየተቃረበ ነው። ልደታ ለማርያም ካቴድራል ልናስጠምቃት አስበናል። ሁለታችንም ካቶሊክ ነን፤ ባለቤቴ የሶዶ ልጅ ነው፣ የላቲን (የሮማው) ሥርዓት፤ እኔ የእምድብር፣ የግዕዝ ሥርዓት። የግዕዝ ካህን ካጠመቃት የግዕዝ ሆነች ማለት ነው? ሜሮን አብሮ ስለሚቀባስ፣ አድጋ ላቲን ቁምስና ብትማር ከጓደኞቿ ጋር እንደገና ትቀበላለች? የአክስቴ ልጅ ኦርቶዶክስ ናት፣ ክርስትና እናት ልሁናት ትላለች። አማቴ ደግሞ «ዋናው ካቶሊክ የሮማው ነው» ይላሉ፤ ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ቀኖና አንባቢ
እንኳን ማርያም ማረችሽ!

የልጅቷን ቤተ ክርስቲያን የሚወስነው ሕንፃውም አጥማቂው ካህንም አይደለም። ግዕዝን ጨምሮ የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የሕግ መጽሐፍ በቀኖና (አንቀጽ) 29 እንደሚለው፣ ዕድሜው 14 ያልሞላ ልጅ ካቶሊክ የሆነ አባቱን ይከተላል። ሁለቱም ወላጆች በነፃ ፈቃዳቸው ተስማምተው ከጠየቁ ግን የእናቱን ይከተላል። ስለዚህ ዝም ካላችሁ ልጃችሁ በግዕዝ ጸሎት ተጠምቃም ላቲን ናት። ግዕዝ እንድትሆን ከፈለጋችሁ ከጥምቀቱ በፊት ሁለታችሁም ለቆሞሱ (ለቁምስናው አስተዳዳሪ ካህን) ተናገሩና በጽሑፍ ይያዝ። ካለፈ በኋላ መቀየር ከባድ ነው፤ በጋብቻ ምክንያት ከሚመጣው በቀር በመርሕ ደረጃ የቅድስት መንበር (የቫቲካን) ፈቃድ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «20 ዓመት ግዕዝ ቅዳሴ ቆርቤአለሁ፣ ስለዚህ ግዕዝ ነኝ» ይባላል። የላቲኑ ሕግ ቀኖና 112 የሌላ ሥርዓት ምስጢራትን ለረጅም ጊዜ መቀበል ብቻውን ሰውን ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን እንደማያሻግር በግልጽ ይናገራል። መቁረብ ግን በማንኛውም የካቶሊክ ሥርዓት ይቻላል፤ የእሑድ ግዴታም በየትኛውም ቅዳሴ ይፈጸማል። በዚህ አትጨነቂ።

ሜሮን አይደገምም። የማይፋቅ ማኅተም ነውና። የምሥራቅ ካህን ለላቲን ልጅም ቢሆን ሜሮን ሲቀባ ምስጢሩ የጸና ነው (የምሥራቁ ሕግ ቀኖና 696)። ችግር የሚፈጠረው የጥምቀት ምስክር ወረቀቱ ስለ ሜሮን ምንም ሳይል ሲቀር ነው። ያኔ የላቲን ቁምስና መምህራን ልጅቷን ገና ሜሮን ከሚቀበሉት ልጆች ጋር ያስመዘግቧታል።

መዝገብ ቤት
ከላይ በተባለው ላይ የወረቀቱን ነገር ልጨምር፤ እኔ የማየው ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነው። መዝገቡ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህ መጻፋቸውን በዓይናችሁ እዩ፦ የጥምቀት ቀንና ቦታ፣ «በዚያው ዕለት ሜሮን ተቀብታለች» የሚል ቃል፣ ልጅቷ የላቲን ወይስ የኢትዮጵያ ካቶሊክ (የግዕዝ ሥርዓት) ቤተ ክርስቲያን እንደሆነች፣ የመጠሪያና የክርስትና ስሟ ሁለቱም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፍራንቸስኮስ በ2016 እ.ኤ.አ. የላቲኑንና የምሥራቁን የሕግ መጻሕፍት ሲያስማሙ፣ ልጁ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ በላቲን ቁምስና መዝገብ ላይም እንዲሰፍር አዝዘዋል።

ለምን ይጠቅማል ብትዪ፣ ለሠርጓ። ከሁለቱ ተጋቢዎች አንዱ እንኳ የምሥራቅ ሥርዓት ከሆነ ጋብቻውን የሚባርክ ካህን መሆን አለበት። ላቲን ቁምስና ውስጥ ዲያቆን ብቻውን ቢያጋባቸው ጋብቻው አይጸናም። ይህ በ20 ዓመቱ የሚታወቀው መዝገቡ በትክክል ከተጻፈ ብቻ ነው።

ቀኑን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር አጽፉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ 8 ዓመት ነው፤ ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ ጸሐፊ አለ። ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከልደት የምስክር ወረቀቷ ጋር ይግጠም። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት የወረዳውን የወሳኝ ኩነት ወረቀት አይተካም።

ስለ ክርስትና እናት፦ የአክስትሽ ልጅ ብቻዋን መሆን አትችልም። የምሥራቁ ሕግ ቀኖና 685 በቂ ምክንያት ካለ ኦርቶዶክስ ምእመን ክርስትና ለማንሣት እንድትቆም ይፈቅዳል፤ ግን ምንጊዜም ከካቶሊክ ክርስትና እናት ወይም አባት ጋር። ካቶሊኳ ደግሞ የተጠመቀች፣ ሜሮን የተቀባች፣ የቆረበች መሆን አለባት። የአክስትሽ ልጅ በበኩሏ አስቀድማ ነፍስ አባቷን ታማክር፤ የእነሱም ሥርዓት መከበር አለበት።

ማርታ ዘፒያሳ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የአማቴ ነገር ብቻ ቀረ። «ግዕዝ ከሆነች የሮማው ጳጳስ ፋሲካን ሲያከብሩ እሷ ጾም ላይ ትሆናለች» ይላሉ።

ዘሥርዓተ ግዕዝ
የፋሲካው ነገር ከሥርዓት ጋር አይያያዝም። እዚህ አገር ያለችው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዓሉን በአገሩ አቆጣጠር ታከብራለች። በ2016 ዓ.ም. ሮም መጋቢት 22 ሲያከብር የእኛ ሚያዝያ 27 ነበር። በ2017 ሁለቱም ሚያዝያ 12 ዋሉ። በ2018 ደግሞ ልዩነቱ አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

«ዋናው» ለሚሉት ግን በአክብሮት ይህን ንገሪያቸው። ላቲን ራሷ ከብዙ ሥርዓቶች አንዷ ናት። በ1964 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሥርዓቶቹ ሁሉ በክብር እኩል እንደሆኑ፣ አንዱ በሥርዓቱ ምክንያት ከሌላው እንደማይበልጥ አውጇል። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ (አቡነ ያዕቆብ) በ1839 እ.ኤ.አ. ከጣልያን ሲመጡ ላቲን ነበሩ፤ የአገሩን ሰው ወደ ላቲን አልሳቡም፣ ራሳቸው የግዕዙን ሥርዓት ያዙ። ኢትዮጵያዊውን ሰማዕት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን በ1851 እ.ኤ.አ. ያቀሰሱትም እሳቸው ናቸው። የካህናት ማሠልጠኛው የኢትዮጵያ ኮሌጅ ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቫቲካን ግንብ ውስጥ አለ። አማትሽ ሮምን የሚወዱ ከሆነ ደግሞ፣ በ2025 ሜይ ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛን ከመረጡት ካርዲናሎች አንዱ በወቅቱ የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስ ናቸው፤ የሊቀ ጳጳሱ መንበርም የልጅ ልጃቸው የምትጠመቅበት ካቴድራል ነው።

ጥምቀቱ ዕለት አማትሽን ከፊት አስቀምጪያቸው። በቅዳሴው የር.ሊ.ጳ. ስም ሲጠራ በጆሯቸው ይስሙ።