«ዲሪቬቲቭ»፣ «ቼይን ሩል»፣ «አቃልል»፦ በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ትርሲት፦ ሰላም ለቤቱ። ታናሽ ወንድሜን የ12ኛ ክፍል ካልኩለስ እያስጠናሁት ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማስረዳቱ ግን በአማርኛ ካልሆነ አይገባውም። «ዲሪቬቲቭ»ን፣ «ፕሮዳክት ሩል»ን፣ «ቼይን ሩል»ን ምን ትሏቸዋላችሁ? ደግሞ ከጥያቄው መጨረሻ «ሲምፕሊፋይ» (አቃልል) የሚል ትእዛዝ አለ። «ምኑን ነው የማቃልለው?» ብሎ ያዘኝ።

ሰምና ወርቅ፦ ለዲሪቬቲቭ «ውልድ» ብንል ደስ ይለኛል። በሰዋስው ከሌላ ቃል የተገኘውን «ውልድ ቃል» እንለው የለ? «ደግነት» የ«ደግ» ውልድ ነው። የሒሳቡም ስም የመጣው ከዚሁ ሐሳብ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ የሒሳብ ሊቁ ላግራንዥ እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው ሥራው «ከሌላ የተገኘ ፈንክሽን» ብሎ ነበር የሚጠራው። «ተወላጅ» ግን ይቅርብን፤ መታወቂያ ላይ የሚሞላ ይመስላል።

የቀለም ቀንድ፦ ውልድ ያምራል፤ ግን ምን እንደሚለካ አይናገርም። ነገሩ የለውጥ ፍጥነት ነው። ደግሞ ክፍል ውስጥ ሁሉም «ዲሪቬት አድርገው» ነው የሚለው። ይህን ማን ያስጥላል?

ጋሽ መሐንዲስ፦ ትርሲት ልጄ፣ ስሙን እንደለመዳችሁት ጥሩት። የሚያስቸግረው ደንቡ ነው።

የሁለት ነገሮችን ብዜት ዲሪቬቲቭ የምናገኝበትን ፕሮዳክት ሩል «የብዜት ደንብ» ማለት ይበቃል። ተማሪ የሚስተው ግን የሁለቱን ዲሪቬቲቭ እርስ በርስ ማባዛት እየመሰለው ነው። አይፈረድበትም፤ ካልኩለስን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ላይብኒትስ ራሱ በኅዳር 1675 (እ.ኤ.አ.) ማስታወሻው ላይ ይህንኑ ጠይቆ፣ በምሳሌ ሲሞክረው አልሆነለትም። በ x ፈንታ «ቀ» ብለን፣ ቀ × ቀ የሚለውን ውሰጂ። የእያንዳንዱ ቀ ዲሪቬቲቭ 1 ነው፤ 1 × 1 ደግሞ 1። የቀ² ዲሪቬቲቭ ግን 2ቀ ነው። ስለዚህ በየተራ ነው፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላው ባለበት ይቆያል፣ ከዚያ ሁለቱ ይደመራሉ።

ለቼይን ሩል «የሰንሰለት ደንብ»ም ጥሩ ስም ነው። በድሮ የንግድ ሒሳብ በዚህ ስም የሚጠራ የምንዛሪ ስሌት ነበር። ሪያድ ያለ ሰው ሪያሉን ወደ ዶላር፣ ዶላሩን ወደ ብር ሲያሰላ ሁለቱን ተመኖች ያባዛቸዋል። (2ቀ + 1)³ም እንዲሁ ነው። ቅንፉ ከቀ አንጻር በ2 ይለወጣል፤ ኪዩቡ ከቅንፉ አንጻር በ3(2ቀ + 1)² ይለወጣል። ሲባዙ 6(2ቀ + 1)² ይሆናል። ብዙ ልጅ ያቺን 2 ይረሳታል።

ትርሲት፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የወንድሜ ጥያቄ የቀ²(2ቀ + 1)³ን ዲሪቬቲቭ ማግኘት ነው። በነገሩን መሠረት ሠርቶ እዚህ ደረሰ፦

2ቀ(2ቀ + 1)³ + 6ቀ²(2ቀ + 1)²

አሁን «አቃልል» ሲባል ቅንፉን በትኖ 40ቀ⁴ + 48ቀ³ + 18ቀ² + 2ቀ አደረገው። ትክክል ነው?

የቀለም ቀንድ፦ ስሌቱ ትክክል ነው። ተቃለለ ወይ ብትዪኝ፣ እኔ እንጃ። ቅንፍ ስለጠፋ አይደለም የሚቃለለው።

ሰምና ወርቅ፦ ቃሉ ራሱ ሁለት ፊት አለው። «ሸክሜን አቃለለልኝ» ምስጋና ነው፤ «ሰው ፊት አቃለለኝ» ደግሞ ስሞታ። እኔ ብሆን «አሳጥር» እል ነበር።

ጋሽ መሐንዲስ፦ «አሳጥር»ም ያሳስታል፤ አጭር ሁሉ ቀላል አይደለም። እንዲህ ላለው ጥያቄ ማቃለል ማለት የጋራውን ማውጣት ነው። በሁለቱም ቁሞች (በ + በተለያዩት ክፍሎች) ውስጥ 2ቀ አለ፣ (2ቀ + 1)²ም አለ። እነሱ ሲወጡ ቅንፍ ውስጥ (2ቀ + 1) + 3ቀ ይቀራል፤ እሱም 5ቀ + 1 ነው። መልሱ፦

2ቀ(2ቀ + 1)²(5ቀ + 1)

አሁን ዲሪቬቲቩ የት የት ዜሮ እንደሚሆን በዓይን ይታያል፤ ቀ 0፣ −1/2 ወይም −1/5 ሲሆን ነው። ከበተነው መልክ ይህን ለማግኘት እንደገና መልሶ ማጠፍ ሊኖርበት ነው። ሌላ ጊዜ ደጋግሞ ዲሪቬት ማድረግ ከተፈለገ ግን የተበተነው ይመቻል፤ ያኔ የብዜት ደንብም አያስፈልግም። እንግዲህ ቀጥሎ ምን ሊሠራበት እንደሆነ አይቶ ነው።

ትርሲት፦ ገባው! ሲካፈልስ? «የድርሻ ደንብ» ልበለው?

የቀለም ቀንድ፦ በዪው፣ ላዕልና ታህትም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ አሉልን። የላዕሉ ዲሪቬቲቭ በታህቱ ተባዝቶ፣ ላዕሉ በታህቱ ዲሪቬቲቭ ተባዝቶ ይቀነስለታል፤ ከዚያ ሁሉም ለታህቱ ስኩዌር ይካፈላል። በብዜቱ የትኛውም ቢቀድም ግድ የለም፤ እዚህ ግን መቀነስ ስላለ ካቀያየረው ምልክቱ ይገለበጥበታል። ካልያዘለት ታህቱን ከአርቢ −1 ጋር ጽፎ በብዜቱና በሰንሰለቱ ደንብ ይጨርሰው። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምሠራው።