በኤፍኤፍኤምፔግ ብዙ ምስሎችን በፌድ ስለማሸጋገር የቀረበ ጥያቄ

12 ፎቶዎችን በኤፍኤፍኤምፔግ (በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ወደ አንድ ቪዲዮ ለመቀየር እየሞከርሁ ሲሆን፣ ፍላጎቴ እያንዳንዱ ፎቶ ለ5 ሰከንድ እንዲቆይና ኤክስፌድ በተባለው ማጣሪያ አማካይነት የ1 ሰከንድ ፌድ (አንዱ ምስል እየደበዘዘ ሌላው ቀስ በቀስ የሚታይበት ሽግግር) እየተደረገ ቀጣዩ እንዲተካው ነው። መጠናቸው የተለያየ ስለነበር መጀመሪያ ትእዛዙ አልሠራም፤ ሁሉንም ወደ 1920 በ1080 ፒክስል አምጥቼ ይህን አልፌዋለሁ።

ሁለት ፎቶ ብቻ ሳገናኝ ኦፍሴቱን (ሽግግሩ የሚጀምርበትን ሰከንድ) 4 ስለው በትክክል ይሠራል። ሦስተኛውን ጨምሬ የሁለተኛውን ሽግግር ኦፍሴት 9 ስለው ግን ሦስተኛው ፎቶ ጭራሽ አይታይም፤ የስህተት መልእክት እንኳ አለመስጠቱ ይበልጥ ግራ አጋባኝ። በኋላ ሳሰላው፣ ሁለቱ ፎቶዎች በ1 ሰከንድ ስለሚደራረቡ የጋራ ርዝመታቸው 10 ሳይሆን 9 ሰከንድ ነው፤ ኦፍሴቱን 8 ሳደርገው ፎቶው መጣ።

በዚህ ስሌት 11ኛው ሽግግር 44ኛው ሰከንድ ላይ ይጀምራል ማለት ነው። የተቸገርሁት የፎቶዎቹ ብዛት በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ ስላልቻልሁ ነው። የአንዱ ሽግግር ውጤት ለቀጣዩ ግብዓት እየሆነ የማጣሪያው ሰንሰለት በባሽ (የትእዛዝ መጻፊያ ቋንቋ) ሉፕ፣ ማለትም በድግግሞሽ ትእዛዝ፣ ራሱን እንዲገነባ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያውቅ ቢያሳየኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።