180 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለ ስናፕሾት «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ አለኝ

ሜክሲኮ_አይቲ

ሰላም ሰዎች። ከአንድ ሰርቨር ጋር ስጨቃጨቅ ሦስት ቀን ሆነኝ። ያጋጠመው ሰው ካለ እስቲ አግዙኝ።

የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። አይቲ የሚባለው ክፍል እኔ ብቻ ነኝ፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝም የምጠራው እኔው ነኝ። አንድ ያረጀ ሰርቨር አለን፣ ኢኤስኤክስአይ 4.1 (አንዱን ኮምፒውተር እንደ ብዙ ኮምፒውተር የሚያሠራው የቪኤምዌር ሶፍትዌር) የተጫነበት። አሮጌ መሆኑን አውቃለሁ፣ እሱን እባካችሁ አትንገሩኝ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ አዲስ ሰርቨር የሚባል ነገር ሥራ አስኪያጃችን ፊት አይነሳም።

ሰርቨሩ ላይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) አለ። ያስቸገረኝ ፋይል ሰርቨሩ ነው፣ የሂሳብ ክፍሉ የፒችትሪ ዳታም እዚያው ነው ያለው። ሁለት ዲስክ አለው። ዊንዶውሱ ያለበት 40 ጊጋ ሲሆን የተቀመጠው ዳታስቶር 1 (ሰርቨሩ የማሽኖቹን ፋይል ከሚያስቀምጥባቸው ቦታዎች አንዱ) ላይ ነው። የዳታው ዲስክ ደግሞ ዳታስቶር 2 ላይ ነው። ይሄ የዳታ ዲስክ ድሮ 200 ጊጋ ነበር። ሞልቶ ሰው ሁሉ ሲጮህብኝ ግንቦት መጨረሻ ላይ 400 አደረግሁት።

ባክአፑ ማታ ማታ መጀመሪያ ስናፕሾት (የማሽኑን የዚያን ቅጽበት ሁኔታ) ይወስዳል፣ ከዚያ ነው ኮፒ የሚያደርገው። ትናንት ወዲያ ለሌላ ጉዳይ ሎጉን ስከፍት ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ባክአፕ የለም! ላብ አጠመቀኝ። በእጄ ስናፕሾት ልውሰድ ስል ፋይሉ ዳታስቶር 1 ከሚቀበለው መጠን በላይ ነው የሚል ኤረር ይመጣል። ዳታስቶር 1 ላይ እኮ 180 ጊጋ ባዶ አለ። ዳታስቶር 2 ላይ ደግሞ 500።

ሰኔ 30 ሂሳብ ይዘጋል። ያለ ባክአፕ እዚያ ቀን ላይ መድረስ አልፈልግም።

ልደታ_88

ወንድሜ ቦታ ነው የጠበበህ። ስናፕሾት የዲስኩን ያህል ቦታ ይፈልጋል። 400 ጊጋ 180 ውስጥ እንዴት ይገባል? ዳታስቶር 1 ላይ የቆዩ አይኤስኦ (የመጫኛ ዲስክ ፋይል) ምናምን ካሉ አጥፋቸውና እንደገና ሞክር።

ሜክሲኮ_አይቲ

ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ፣ ግን ችግር የለም 🙂

አጠፋሁ። 60 ጊጋ ያህል ተለቀቀ፣ ኤረሩ ግን ያው ነው። ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እዚያው ዳታስቶር 1 ላይ ያለ ሌላ ማሽን 220 ጊጋ ዲስክ አለው። ቦታው 180 በነበረበት ጊዜም እሱ ስናፕሾት ይወስድ ነበር። አንተ እንዳልከው ቢሆን እሱም እምቢ ማለት ነበረበት።

የቸርችሉ_ሽማግሌ

ልጄ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ባዶ ቦታውን ተይው፣ ነገሩ ከሱ ጋር አይገናኝም። ኤረሩን ደግመሽ አንብቢው። ቦታ የለም አላለሽም። ይህን የሚያህል ፋይል እዚህ አይቀመጥም ነው ያለሽ። ቤዝመንት ፓርኪንግ ውስጥ ሃምሳ ባዶ ቦታ ቢኖርም መግቢያው ላይ ከፍታ 2 ሜትር የሚል ብረት ከተሰቀለ አይሱዙ አይገባም።

ያ ብረት የብሎክ መጠን ነው፤ ብሎክ ማለት ዳታስቶሩ ፋይል የሚያስቀምጥባት አንዷ ቁራሽ ናት። ኢኤስኤክስአይ 4 ዲስኩን ፎርማት የሚያደርገው ቪኤምኤፍኤስ 3 በሚባለው ነው። እሱ ላይ የአንድ ፋይል ጣሪያ የሚወሰነው ፎርማት ሲደረግ በተመረጠው የብሎክ መጠን ነው። ብሎኩ 1 ሜጋ ከሆነ ጣሪያው 256 ጊጋ ነው። 2 ሜጋ ከሆነ 512 ጊጋ፣ 4 ሜጋ ከሆነ 1 ቴራ። 8 ሜጋ ከሆነ ደግሞ 2 ቴራ ሊሞላ 512 ባይት ሲቀረው። ኢኤስኤክስአይ 4 ሲጫን የሰርቨሩን ዲስክ ማንንም ሳይጠይቅ በ1 ሜጋ ነው ፎርማት የሚያደርገው። ያንቺም ዳታስቶር 1 እንደዚያ የተሠራ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ክላየንቱ (ሰርቨሩን የምታስተዳድሪበት ፕሮግራም) ላይ ኮንፊገሬሽን፣ ከዚያ ስቶሬጅ ግቢ። ዳታስቶሩን መርጠሽ ፕሮፐርቲስ ስትይ የብሎኩን መጠንና ትልቁን የፋይል መጠን ያሳይሻል።

«ዲስኩ ግን ዳታስቶር 2 ላይ ነው» ትይኛለሽ። ልክ ነሽ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ስናፕሾት ሲወሰድ ዋናው ዲስክ ላይ መጻፍ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ዴልታ ወደሚባል ፋይል ይሄዳል። 4.1 ይሄንን ዴልታ የሚያስቀምጠው ዲስኩ ባለበት ሳይሆን የማሽኑ ቪኤምኤክስ ፋይል (የማሽኑ ቅንብር የተጻፈበት) ባለበት ነው። ቪኤምኤክሱ ደግሞ ከዊንዶውሱ ጋር ዳታስቶር 1 ላይ ነው ያለው። ዴልታው ሲፈጠር ሚጢጢ ነው፣ ግን ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ቢቀየር ዋናውን ዲስክ ሊያህል ይችላል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው አስልቶ «400 ጊጋ ሊሆን የሚችል ፋይል 256 ላይ አይገባም» ብሎ በሩን ይዘጋዋል። 220ው ማሽን ከጣሪያው በታች ስለሆነ ያልፋል። ያንቺም ዲስክ 200 በነበረ ጊዜ ያለፈው ለዚህ ነው። ግንቦት ላይ ዲስኩን ስታሳድጊ ነው ባክአፑ የሞተው።

ልደታ_88

እሺ ተሸነፍኩ 😅 የአይሱዙዋን ምሳሌ ግን እወስዳታለሁ።

ሜክሲኮ_አይቲ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ!! አየሁት። ዳታስቶር 1 ብሎኩ 1 ሜጋ፣ ጣሪያው 256 ጊጋ። ዳታስቶር 2 ደግሞ 4 ሜጋ ነው፣ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው የሠራው። ታዲያ አሁን ምን ላድርግ? ዳታስቶር 1ን በ8 ሜጋ ፎርማት ላድርገው?

የቸርችሉ_ሽማግሌ

እንዳታደርጊው! የብሎክ መጠን ላዩ ላይ ያለው ሳይጠፋ አይቀየርም። ፎርማት ካደረግሽ ላዩ ላይ ያለው ማሽን ሁሉ ይሄዳል። ባክአፕ የለኝም ያልሽኝ ደግሞ አንቺው ነሽ።

ቀላሉ መንገድ ዴልታው የሚቀመጥበትን ቦታ ወደ ዳታስቶር 2 ማዞር ነው። በመጀመሪያ ማሽኑን በደንብ አጥፊው፣ ዊንዶውሱን ራሱን ሻት ዳውን ብለሽ። ስናፕሾት ማኔጀር ውስጥ የተረሳ አሮጌ ስናፕሾት እንደሌለ እይ፤ ካለ እሱ ሳይጸዳ ምንም አትንኪ። ዳታስቶር 2 ላይ አንድ ፎልደር ፍጠሪ። ቪኤምኤክስ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተርሽ አውርጂ፣ አንድ ኮፒ ለብቻው አስቀምጪ። ከዚያ ወርኪንግዲር (workingDir) የምትል መስመር ጨምረሽ የአዲሱን ፎልደር ሙሉ አድራሻ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ስጫት። መስመሯ ቀድሞ ካለች ሁለተኛ አትጨምሪ፣ ያለችውን ቀይሪ። ፋይሉን ከመመለስሽ በፊት ማሽኑን ከኢንቬንተሪ (ከሰርቨሩ የማሽኖች ዝርዝር) አውጪው። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ! «ከኢንቬንተሪ አውጣ» እና «ከዲስክ አጥፋ» እዚያው ሜኑ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንድ የማውቀው ልጅ እጁ አዳልጦት ሁለተኛውን ነክቶ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም። ፋይሉን መልሰሽ ስትጭኚ ዳታስቶሩን ከፍተሽ ቪኤምኤክሱን በቀኝ ክሊክ ኢንቬንተሪ ውስጥ ክተቺው።

ሌላ ነገር፣ ማሽኑ ሲበራ የስዋፕ ፋይሉም (ራም ሲያንስ የሚጠቀምበት) ወደዚያው ፎልደር ይሄዳል። ራሙ 8 ጊጋ ከሆነ 8 ጊጋ ያህል ይወስዳል ማለት ነው። 500 ባዶ ካለሽ ምንም አይደል።

ካዛንቺስ_ኔት

ሌላም መንገድ አለ፣ ግን ሳታስቡበት እንዳትገቡበት። የዳታ ዲስኩን ኢንዲፔንደንት ማድረግ ይቻላል። ያኔ ስናፕሾቱ ዘሎት ያልፋል፣ ኤረሩም ይጠፋል። እኔ አንድ ቦታ እንደዚያ አድርጌ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከወር በኋላ ባክአፑን ስመልሰው ዊንዶውሱ ብቻ ተመለሰ። ዳታው የለም! ስናፕሾቱ የዘለለውን ዲስክ ባክአፑም ይዘለዋል። እንደዚያ የምታደርጉ ከሆነ ዳታውን ከዊንዶውሱ ውስጥ ሆናችሁ በፋይል ደረጃ ለብቻው ባክአፕ አድርጉት።

ሌላው ደግሞ ጣሪያውን እስከ ጫፍ አትሙሉት። ዴልታው ለራሱ መዝገብ የሚሆን ትርፍ ቦታ ስለሚፈልግ 256 ላይ በትክክል 256 የሆነ ዲስክ ይፈጠራል ግን ስናፕሾት አይወስድም። 254 ላይ ቁሙ። 512 ከሆነ 508፣ 1 ቴራ ከሆነ 1016፣ 2 ቴራ ከሆነ 2032 ጊጋ ላይ። እኔን ያቃጠለኝ የመጨረሻው ነው። ዲስኩን 2 ቴራ ሞልቼ ሠርቼ ስናፕሾት እምቢ ሲለኝ ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን ባክአፕ ሶፍትዌሩ ላይ ስለጥፍ ከረምኩ።

ፒያሳ_ሊኑክስ

ከ15 ዓመት በፊት የወጣ ነገር ላይ ይሄን ሁሉ መከራ ከማየት በቪኤምዌር ፈንታ ፕሮክስሞክስ የሚባለውን የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ጭኖ መገላገል አይሻልም? ብሮድኮም ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ ሰው ሁሉ እየሸሸ ነው።

ካዛንቺስ_ኔት

መጣ ደግሞ 😂 ፕሮክስሞክስም የራሱ አመል አለው። እኔ አሁን የምጠቀመው እሱን ነው፣ እወደዋለሁ፣ ግን ተራ ፎልደር ላይ ዲስኩን ሮው በሚባለው የፋይል ዓይነት ካስቀመጥከው ስናፕሾት አያስወስድህም። ኪውካው2 የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። በዚያ ላይ እሷ ሰኔ 30 ሊደርስባት ነው። ስደቱ ለነሐሴ ይቆይ።

የቸርችሉ_ሽማግሌ

ፒያሳ ያለው በመሠረቱ ውሸት አይደለም። ቪኤምዌር ውስጥም ቢሆን ወደ 5.0 ብትወጪ ይሄ ችግር አይኖርም ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ ዴልታው ከዋናው ዲስክ ጎን ነው የሚቀመጠው። አዲስ የሚፈጠረው ቪኤምኤፍኤስ 5ም ለሁሉም 1 ሜጋ ብሎክ ነው፣ ግን የፋይሉ ጣሪያ ወደ 2 ቴራ ይወጣል። 5.5 ላይ ደግሞ ዲስኩ እስከ 62 ቴራ ይደርሳል። ሰርቨሩ አዲሱን ስሪት መሸከሙን ቀድሞ ማየት ነው። አሁን ግን ባክአፑን ይዛ ታድር፣ ሌላው በኋላ ይታያል።

አራት_ኪሎ_ተማሪ

ይቅርታ፣ ትንሽ ከርዕሱ ልውጣ። እኔ ላፕቶፔ ላይ ያለችውን ቨርቹዋል ማሽን ወደ ፍላሽ ኮፒ ሳደርግ ተመሳሳይ ነገር ይለኛል። ፍላሹ 64 ጊጋ ነው፣ ፋይሉ 11 ጊጋ፣ ግን ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው ይላል። ይሄም ብሎክ ነው?

ካዛንቺስ_ኔት

የአክስቱ ልጅ ነው። ፍላሽህ ፋት32 መሆን አለበት፣ እሱ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ፍላሹ የፈለገውን ያህል ሰፊ ቢሆን። በውስጡ ያለውን አውጣና ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርገህ ፎርማት አድርገው።

ሜክሲኮ_አይቲ

ሰዎች፣ ተመለስኩ። ሠራ!!

እሁድ ጠዋት ማንም ሳይኖር ቢሮ ገባሁ። መጀመሪያ አልሆነም። ማሽኑን አጠፋሁ፣ መስመሯን ጨመርኩ፣ መልሼ ጫንኩ፣ አበራሁ፣ ስናፕሾት ስል ያው ኤረር። ለካስ ኖትፓድ ሴቭ ሳደርግ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ቲኤክስቲ ቀጥሎልኛል፤ ሰርቨሩ የሚያነበው የድሮውን ነው። እሱን አስተካክዬ ማሽኑን እንደገና ከማብራቴ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ይጮሃል፣ ሊፍቱ ቆሟል፣ እኔ አምስተኛ ፎቅ፣ ጄኔሬተር የሚያስነሱት ጥበቃ ቤተክርስቲያን ሄደዋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቁጭ ብዬ ዩፒኤሱን እያየሁ ስጸልይ ተመለሰልኝ።

ከዚያ ስናፕሾቱ በአንዴ አለፈ። ዳታስቶር 2 ላይ አዲሱ ፎልደር ውስጥ የሁለቱም ዲስክ ዴልታ ቁጭ ብሎ አየሁት፣ 16 ሜጋ 16 ሜጋ። ለ16 ሜጋ ነው ሦስት ሳምንት ያለ ባክአፕ የኖርነው! ሙሉ ባክአፑ አሁን እየሄደ ነው።

የቸርችሉ_ሽማግሌ

ጎበዝ። ባክአፑ ሲያልቅ ስናፕሾቱ መጥፋቱን አይተሽ ነው ወደ ቤት የምትሄጂው። ተንጠልጥሎ ከቀረ ዴልታው ሂሳብ ክፍሉ በጻፈ ቁጥር ያድጋል፣ ዳታስቶሩ ከሞላ ደግሞ ማሽኑ ይቆማል። ካልጠፋም የዴልታውን ፋይል ፎልደር ውስጥ ገብተሽ በእጅሽ እንዳትሰርዢ፣ ከስናፕሾት ማኔጀር ነው የሚጠፋው።

ሜክሲኮ_አይቲ

እሺ ጋሼ። 71 ፐርሰንት ላይ ነው። የጥበቃው ሰውዬ ሻይ አምጥተውልኛል፣ እዚሁ ነኝ።

ሜክሲኮ_አይቲ

አለቀ። ስናፕሾቱም ጠፍቷል፣ ፎልደሩ ውስጥ የቀረው የስዋፑ ፋይል ብቻ ነው። 9 ሰዓት ከሩብ። ምሳ አልበላሁም፣ ልሂድ።